እርሳስ ይጠፋል

«እርሳስ ይጠፋል» አለች ሸዋዬ። «እኔ የምፈልገው የማይጠፋ ነው።»

እናቷ ተናኘወርቅ ሽንኩርት እየከተፈች ነበር። ቀና ብላ አየቻትና ዓይኗን በክንዷ ጠረገች።

«የማይጠፋ ከፈለግሽ እስክሪብቶ አለልሽ አይደል?»

«እስክሪብቶ አንድ ቅጂ ነው። አንዷ ሌባ ከወሰደችው አለቀ። በጽሕፈት መኪና ምቺልኝ፤ ከነካርቦኑ። አንዱ ቢጠፋ ሌላው እንዲቀር።»

«ምኑን ነው የምመታልሽ?»

«ልቦለዴን።»

ተናኘወርቅ ቢላዋውን አስቀመጠች። አሰላ ካሉት መሥሪያ ቤቶች በአንዱ፣ እርሻን በሚመለከተው፣ የጽሕፈት መኪና ስትመታ ሸዋዬ ከመወለዷ በፊት ጀምራለች። የማዳበሪያውን ሪፖርት፣ የስብሰባውን ቃለ ጉባኤ፣ የትምህርት ቤቱን ፈተና፣ ምን ያልመታችው ነገር አለ? ልቦለድ ምቺልኝ ያላት ሰው ግን አልነበረም፤ ያውም ገና አሥራ አምስት ዓመት ያልሞላት።

«ስሚኝ ሸዋ» አለች። «እርሳስ ለማሰቢያ ነው። እስክሪብቶ ሐሳብሽ ሲቆርጥ ነው። መኪና ደግሞ ሰርዘሽ ደልዘሽ ጨርሰሽ፣ ከዚህ ወዲያ አንድ ቃል አልነካም ስትይ ነው። መኪና ፊት ተቀምጦ ማሰብ የለም። አንድ መስመር ከተበላሸብሽ ገጹ ሙሉ ከነካርቦኑ ይጣላል። ማባዣው ደግሞ የባሰ ነው፤ ስቴንስል ላይ ተመትቶ የተባዛውን መልሼ ልሰብስበው ብትይ ከማን እጅ ትሰበስቢዋለሽ?»

«አስቤ ጨርሻለሁ» አለች ሸዋዬ።

እውነቷን ነው። ሁለት ሳምንት ሙሉ ከዚህ ሌላ ያሰበችው ነገር አልነበረም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሸዋዬና ወለላ ከሁለተኛ ክፍል ጀምሮ ከአንድ ዴስክ ተለያይተው የማያውቁ፣ አሥረኛ ክፍልም አብረው የገቡ ጓደኛሞች ናቸው። ነበሩ ይባል። ሸዋዬ «የስንዴ ወፍ» የምትል ታሪክ ጻፈች፤ ኢተያ ሜዳ ላይ፣ ኮምባይነር ሊያልፍበት በደረሰ ማሳ ውስጥ እንቁላሏን ታቅፋ አልነሣም ስላለች ወፍ። የጻፈችው በእርሳስ ነው። እየጻፈች ማጥፋት፣ እያጠፋች መጻፍ ትወዳለች። ጨርሳ ያነበበችው ለወለላ ነበር። ወለላም አልቅሳ «ማታ ደግሜ ላንብባት፣ አውሺኝ» ብላ ወሰደቻት።

ዓርብ በሥነ ጽሑፍ ክበቡ ላይ ወለላ መድረክ ወጣች። በዚያ የታተመ በሚመስል የእጅ ጽሑፏ፣ በሰማያዊ እስክሪብቶ የገለበጠችውን ወረቀት ዘርግታ «የስንዴ ወፍ። ከራሴ የፈለቀ» ብላ አነበበችው። አዳራሹ በጭብጨባ ተናጋ። ሸዋዬ መጨረሻው ወንበር ላይ ክው ብላ ቀረች።

የክበቡ ኃላፊ መምህር ኃይለየሱስ ከጎጃም ተመድበው የመጡ፣ የአሰላ ብርድ ገና ያልለቀቃቸው፣ ክፍል ውስጥም ካፖርታቸውን የማያወልቁ ሰው ናቸው። ሸዋዬ እያለከለከች ስትነግራቸው በትዕግሥት ሰሟት። «እሺ፣ የመጀመሪያውን ጽሑፍ አምጪልኝ» አሏት።

ወለላ ዓይኗን እንኳ ሳትሰብር ከደብተሯ መሀል ወረቀቶቹን አውጥታ ሰጠቻት። «ይኸው ወረቀትሽ።» ወረቀቶቹ ባዶ ነበሩ። ከዳር እስከ ዳር በላጲስ ተፍቀው፣ ተፍቀው፣ ጸጉር አውጥተዋል።

«ይሄ እኮ ባዶ ወረቀት ነው» አሉ መምህሩ። ተቆጥተው ቢሆን ይሻላት ነበር። በአዘኔታ ስላዩዋት ነው አንጀቷ ያረረው። ወለላም ትምህርት ቤቱን ወክላ በማዘጋጃ ቤቱ አዳራሽ በሚደረገው የክፍለ ሀገሩ ውድድር እንድታነብ ተመረጠች። እዚያ ያሸነፈ ጽሑፉ በሬዲዮ ይነበብለታል ተብሏል።

ሸዋዬ አላለቀሰችም። ቂም ያዘች። ቂም አንዳንዱን ያስተኛዋል፣ አንዳንዱን ሥራ ያስይዘዋል፤ እሷን ሥራ አስያዛት። እስክሪብቶ ገዝታ ልቦለድ ጀመረች። የልቦለዷ ልጅ ስሟ ማሪቱ ነው። ማሪቱ ክርኑ ላይ ቆዳ የተጣፈበት አረንጓዴ ሹራብ ትለብሳለች። ስትስቅ የተሸረፈ ጥርሷ እንዳይታይ አፏን በመዳፏ ትይዛለች። ሕፃን ሆና ስኳር ሰረቀች፣ ከፍ ስትል ከቤተ ክርስቲያን ጧፍ፣ በመጨረሻም የሰው ታሪክ። ከአሥረኛ ክፍል ተማሪ ይቺ ልጅ ማን እንደሆነች የማያውቅ ካለ ዓይኑን ይታከም። እያንዳንዱን ነገር ስትጽፍ ሸዋዬ «እሰይ!» ትላለች፤ አንድ መስመር በጨረሰች ቁጥር ደረቷ ቀለል ይላታል።

አምስተኛው ምዕራፍ ግን ከሁሉ የከፋው ነበር። ከሁሉ ያማረውም እሱ ነበር።

ወለላ ሣህሌ የሚባል ታላቅ ወንድም አላት። ብሔራዊ ውትድርና ሲጠራ ስሙ ወጥቶ ነበር፤ አልሄደም። ቤተሰቡ ለጎረቤት «ድሬዳዋ ሥራ አገኘ» ብሎ አወራ። እውነቱን ከቤታቸው ውጪ የምታውቅ አንዲት ሰው ብትኖር ሸዋዬ ናት። ከትምህርት ቤቱ ጀርባ ካለው ባሕር ዛፍ ሥር ወለላ እያለቀሰች ነግራታለች። ሣህሌ ሁሩታ ነው። አክስቱ ግቢ፣ ከስንዴው ጎተራ ጀርባ በተሠራች ጎጆ ውስጥ ይውላል፤ ሲመሽ የአክስቱን ቀሚስ ለብሶ፣ ነጠላ ተከናንቦ ለአፍታ ይወጣል።

ሸዋዬ ይህን ሁሉ ለማሪቱ ወንድም ሰጠችው። ሁሩታን፣ ጎተራውን፣ ቀሚሱን፣ በነጠላው ሥር የሚታየውን ጺም። የሚያስቅ ነገር ነው፤ ከሳቁ ሥር ግን ሰውየው ትንፋሹን ውጦ የእግር ኮቴ ሲያዳምጥ ይሰማል። እንዲህ ያለ ነገር ጽፋ እንደማታውቅ ራሷም ገብቷታል። ምን ያመጣል ብላ አላሰበችም። ክፍሉ ሁሉ እየሳቀ የወለላ ፊት ሲቀላ፣ እሱ ብቻ ነው የታያት።

ቅዳሜ ከሰዓት እናትና ልጅ ወደ መሥሪያ ቤቱ ሄዱ። ሥራ በግማሽ ቀን ስለሚዘጋ ግቢው ጭር ብሏል። ዘበኛው ኦቦ ቱሳ ከበሩ አጠገብ ፀሐይ ይሞቃሉ።

«አካም ኦልቴ ሸዋዬ! ዛሬ አንቺም ሥራ ገባሽ?»

«ልቦለድ ላስመታ ነው፣ ኦቦ ቱሳ።»

«ማሎ፣ እባክሽ እኔንም ክተቺኝ። ግን ወጣት አድርጊኝ!» ብለው ሳቁና ቁልፉን ሰጧቸው።

አሠራራቸው እንዲህ ነበር፤ ሸዋዬ ጮክ ብላ ታነባለች፣ ተናኘወርቅ ትመታለች። የአማርኛው መኪና ፊደሉን ቆራርጦ ነው የሚሠራው። መጀመሪያ ዋናው አካል ይመታል፣ ቀጥሎ እግሩ ወይም ቀለበቱ ይቀጠልለታል። ቢሆንም የተናኘወርቅ ጣቶች ከልጇ አንደበት እኩል ይሮጣሉ። ፊቷ ላይ ምንም አይነበብም። ማሪቱ ስኳር ስትሰርቅ አልሳቀችም፤ ጧፍ ስትሰርቅም አላማተበችም።

አምስተኛው ምዕራፍ ሲደርስ ካርቦኑ ደክሞ ስለነበር ተናኘወርቅ ሁለት አዳዲስ ካርቦን አስገባች። ሸዋዬ ጉሮሮዋን ጠርጋ ማንበብ ጀመረች። የመጀመሪያው ገጽ አልቆ ሦስቱ ቅጂ ጠረጴዛው ላይ እንደተቀመጠ በሩ ተንኳኳና ሰው ገባ።

ፍሰሐ ነበር። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ነው፤ የወጣት ማኅበሩ ሊቀ መንበርም ነው። የትምህርት ቤቱ የግድግዳ ጋዜጣ ላይ እሱ ሳያየው የሚለጠፍ ነገር የለም። የካኪ ጃኬቱን አንገት አቁሞ፣ ወረቀት በእጁ ይዞ ነው የመጣው።

«እትዬ ተናኘ፣ እንደምን ዋሉ? ሥራ ላይ ነዎት ሲሉኝ ነው የመጣሁት። ይቺን ስቴንስል ላይ ይምቱልኝ፤ ለሰኞ ጠዋት መባዛት አለባት። የብሔራዊ ውትድርና ጥሪ ናት፤ ተጠርተው የቀሩትም ስማቸው አለበት።»

«እሺ ልጄ፣ አስቀምጣት።»

ፍሰሐ ወረቀቱን ሲያስቀምጥ ዓይኑ ሌላው ወረቀት ላይ አረፈ። አንሥቶ ማንበብ ጀመረ። ሸዋዬ እጇን ዘርግታ ነበር፤ ዘገየች። ግማሽ ገጽ ሳይደርስ ሳቁ ክፍሉን ሞላው።

«ነጠላ ተከናንቦ! ከነጺሙ! ወይ ጉድ!» ወደ ሸዋዬ ዞረ። «ይቺን ማን ነው የጻፋት?»

«እኔ።»

«አንቺ? እኔ እኮ ፋራ ትመስይኝ ነበር!» እንደገና ገጹን አየ። አሁን አልሳቀም። «ሁሩታ... ጎተራ... ሰውየውን ያየሽው ትመስያለሽ። ከማን ሰማሽው?»

ሸዋዬ ገጹን ከእጁ ወስዳ ጠረጴዛው ላይ መለሰችው።

«ከማንም» አለች። «ልቦለድ ነው። ከራሴ የፈለቀ።»

ቃሉ ከአፏ ሲወጣ ታወቃት። ወለላ መድረክ ላይ ያለችው ይህንኑ ነው።

«የትም ይፍለቅ፣ ግሩም ነው» አለ ፍሰሐ። «ለኮብላዮች ከዚህ የተሻለ ቅስቀሳ የለም። ሰኞ ጠዋት ሙሉውን አምጪልኝ፣ የግድግዳ ጋዜጣው ላይ እለጥፈዋለሁ። ውድድሩ ላይም የምትወጪው አንቺ ነሽ፤ ለመምህር ኃይለየሱስ እኔ እነግራቸዋለሁ። በዚህ ጊዜ የወፍ ወሬ ለማን ይረባል?» በሩ ላይ ሲደርስ ዞር አለ። «ለሁሩታ ጓዶችም ጎተራችሁን ፈትሹ እላቸዋለሁ!» ብሎ እየሳቀ ወጣ።

ሸዋዬ ቆማ ቀረች። እውነቱን እናውራ ከተባለ፣ ደስ አላት። ውስጧ ሁሉ ሞቀ። የማዘጋጃ ቤቱ መድረክ ታያት፣ ማይክራፎኑ፣ መብራቱ። ወለላ በአረንጓዴ ሹራቧ ከታች ተቀምጣ፣ የራሷን ገበና ከሸዋዬ አፍ እየሰማች፣ መሬት ተከፍታ ብትውጣት እየተመኘች። ሳትለምን፣ ደጅ ሳትጠና የበቀሏ ቀን በእግሩ መጣላት። ሰኞ አንድ ጥቅል ወረቀት መስጠት ብቻ ነው የቀራት።

ከዚያ ፍሰሐ ያስቀመጣት ወረቀት ታየቻት። የቀሩት ሰዎች ስም ተደርድሯል። ሣህሌን ለማግኘት ዓይኗን ብዙ ማንከራተት አላስፈለጋትም።

ሁለተኛ ክፍል ሳሉ እርሳሳቸውን የሚቀርጽላቸው ሣህሌ ነበር። መቅረጫ አልነበራቸውም። ደጃፉ ላይ ተቀምጦ በምላጭ ይቀርጽና ጫፏን እንደ መርፌ አሹሎ «ለወለላ አንድ፣ ለሸዋዬ አንድ» እያለ ያድላቸዋል። አንድ ቀን ሸዋዬ የሷን ሰብራ ስታለቅስ፣ የእህቱን ለሁለት ቆርጦ ግማሹን ሰጣት። ወለላም ያኔ አላጉረመረመችም። ይሄን ሸዋዬ ማስታወስ አልፈለገችም ነበር። መጣባት እንጂ።

«ልቀጥል?» አለች እናቷ።

«እማዬ፣ የምትመቺውን ትሰሚዋለሽ?»

«አልሰማም። የመታሁትን ሁሉ ብሰማ ኖሮ እስከ ዛሬ አብጄ ነበር።» ተናኘወርቅ የፍሰሐን ጥሪ ለመምታት ስቴንስሉን እያዘጋጀች ነው። ቀና ሳትል ቀጠለች። «እጅ ግን ይሰማል። ሁሩታ የሚለው ላይ እጄ ከብዶኛል።»

ሸዋዬ ብዙ አልቆመችም። ሦስቱን ቅጂ ሰበሰበች፤ በእስክሪብቶ ከጻፈችው ውስጥም የአምስተኛውን ምዕራፍ ወረቀቶች ነጥላ አወጣች። ልትወጣ ስትል እናቷ ጠራቻት።

«ካርቦኑንም ያዢው። አዲስ ነው፤ አንዴ ብቻ ነው የተመታበት። ወደ መስኮት ቢያደርጉት ይነበባል።»

ሁለት አዲስ ካርቦን ለመሥሪያ ቤቱ ታይፒስት ቀላል ነገር አልነበረም። ተናኘወርቅ ግን አጣጥፋ ሰጠቻትና ፊቷን ወደ መኪናው መለሰች።

ሸዋዬ የወለላን ቤት ካንኳኳች ከሁለት ሳምንት በላይ ሆኗታል። በሩን የከፈተችው ራሷ ወለላ ናት፤ በዚያው ሹራቧ። ሸዋዬን ስታይ ፊቷ ተለዋወጠ።

«ልትሰድቢኝ ከሆነ እናቴ ቤት ናት» አለች።

«ውጪና አንብቢ።»

አጥሩ ሥር ቆመው ወለላ አነበበች። መጀመሪያ ሹራቡን ስታይ ከንፈሯን ነከሰች። ሁሩታ የሚለው ላይ ስትደርስ ወደ ላይ ተመልሳ እንደገና አነበበች። ስትጨርስ ከንፈሯ ነጭ ሆኗል።

«ለማን አሳየሽው?» አለች።

«ፍሰሐ ግማሽ ገጽ አንብቧል። አንሥቶ ነው፤ እኔ አልሰጠሁትም። የማን እንደሆነ አላወቀም። ሁሩታና ጎተራ የሚለውን ግን አይቷል። ለሁሩታ እነግራለሁ ብሎ ቀልዷል፤ የሱ ቀልድ ደግሞ አይታመንም።» ሸዋዬ ቀረብ አለች። «ሣህሌ ዛሬውኑ ከዚያ ይውጣ።»

«አንቺ... አንቺ ሸዋዬ... ወንድሜን?»

«አዎ፣ እኔ። ጻፍኩት። ምንም አልልሽም።» ዓይኗን ግን አልሰበረችም። «ያለው ይሄ ብቻ ነው። ሦስቱ ቅጂ፣ የእጅ ጽሑፌ፣ ካርቦኑም አለበት። ሰኞ ሲጠይቀኝ ምዕራፉን ጣልኩት እለዋለሁ። ውድድሩንም ሂጂበት። ይሄ ግን በላጲስ አይለቅም፣ አቃጥይው። ማጥፋት እንደሆነ ታውቂበታለሽ።»

ወለላ በጥፊ የተመታች ይመስል ዓይኗን ጨፈነች። ለሁለት ሳምንት ሸዋዬ ስትመኘው የነበረው ፊት ይኸው ነበር። የሚያይ ተማሪ የለም፣ የሚያጨበጭብም የለም። እንዳሰበችው ያህል አልጣፈጣትም፤ ግን አልጠላችውም።

«ሸዋ፣ ስለ ወፏ...»

«አሁን አትንገሪኝ። የሁሩታ መኪና ያመልጥሻል።»

ወለላ ወረቀቱን ሹራቧ ውስጥ ከተተች። ሁለት እርምጃ ሄዳ ዞረች። «ሌላውስ? ሹራቤ... ጥርሴ... ሌላው ምዕራፍ ላይም አለ?»

«አለ። እሱን አላጠፋም።»

ወለላ ለእናቷ እንኳ ሳትናገር የሁሩታ መኪና ወደሚሞላበት ሮጠች። ሸዋዬ አረንጓዴው ሹራብ ከእህል በረንዳው ጀርባ እስኪሰወር ቆማ አየችው።

እሑድ ጠዋት ሸዋዬ ከፍራሿ ሥር ባዶዎቹን ወረቀቶች አወጣች፤ ወለላ የመለሰችላትን፣ ጸጉር ያወጡትን። ከአራተኛው ምዕራፍ ወደ ስድስተኛው መዝለል አይቻልም፤ መሀሉ መሞላት አለበት። የአባቷን ምላጭ አንሥታ እርሳስ ቀረጸች፣ ጫፏ እስኪሾል።

«ያንን ሁሉ ለምነሽኝ አሁን ወደ እርሳስ ተመለስሽ?» አለች እናቷ ከጓዳ። «መኪናውስ?»

«ገና ነው» አለች ሸዋዬ። «አስቤ አልጨረስኩም።»

«ምዕራፍ አምስት» ብላ ጻፈች። ከሥሩ አንዲት ልጅን ማታ በኩራዝ ብርሃን፣ የጓደኛዋን ታሪክ ከፊቷ ዘርግታ፣ ላጲስ በእጇ ይዛ አስቀመጠቻት። ስሟን ልትጽፍ ስትል እጇ ቆመ። ቆየችና «ማሪቱ» ማለቱን ትታ፣ ቀስ ብላ፣ ሳትጫን፣ «ወለላ» ብላ ጻፈች።

ላጲሱን ከጎኗ አኖረችው። አልነካችውም፤ አላራቀችውምም። ወደ ሁለተኛው መስመር አለፈች።